የጭራ ወጥ ለአባባ

ነይ ግቢ እቴ ፍቅርአዲስ፣ በር ላይ ቆመሽ አትበስብሺ! ማድቤቱ ጠባብ ነው እንጂ ለሁለት ሰው አያንስም። ያችን በርጩማ ሳቢና ከምድጃው ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፤ ቀሚስሽ ነጭ ነው፣ ወጥ ቢፈናጠቅበት አይለቅም። እንኳን አደረሳችሁ! ትናንት በስልክ ብንባባልም በአካል ሲሉት ይሻላል። ዝናቡን አየሽልኝ? በፋሲካ ማግስት እንዲህ ሲወርድ ደስ ይላል፤ ለበልጉ ነው፣ ገበሬው ሲለምነው የከረመ ነው። የቆርቆሮው ጩኸት ግን አያነጋግርም። ስለዚህ ጮክ ብዬ ባወራሽ የተቆጣሁ እንዳይመስልሽ። ሰው በበዓል ይቆጣል እንዴ?

መንገዱስ እንዴት አደረጋችሁ? ከወግዲ መካነ ሰላም በዚህ ጭቃ… መኪናችሁ ከፍ ያለች ሆና ነው እንጂ ሚኒባስ ቢሆን እስካሁን ወርዳችሁ ስትገፉ ነበር። መምጣታችሁ ጥሩ ነው። ወንድም ጋሼም ሳሎን ከአባባ ጋር ይጫወት፣ ተነፋፍቀዋል። ባልሽን ለአንድ ቀን ለአባቱ ብትለቂለት ምን አለበት? አራት ዓመት እኮ ነው፣ አራት ፋሲካ። ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ደግሞ… ውይ፣ ወግዲ ነው ለካ! እኔ ሩቅ ሲባል ጅዳ ነው የሚመጣብኝ። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ፣ እናቴ ሞታ አባባ ብቻቸውን ቀሩ ሲሉኝ ሻንጣዬን አንስቼ በሦስተኛው ቀን እዚህ ማድቤት ውስጥ ነበርኩ። ባሕር ማቋረጥ ቀላል ነው። የወግዲ መንገድ ነው የሚከብደው፣ አውቃለሁ።

ድስቱን ነው የምታይው? ክፈችው፣ ግድ የለም… ማሻአላህ በይ እንጂ! አባባ እንዲህ ስል ይቆጡኛል፤ "የመሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ልጅ ማሻአላህ ትላለች?" ይላሉ። ከዚያ ራሳቸው ወጥተው ጎረቤታችንን ሀዲያን "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ሲሏት እሰማቸዋለሁ። ጭራ ነው። አዎ፣ የበሬ ጭራ ነው፣ ፊትሽን አታኮሳትሪ። ደሴ ያደገ ሰው ጭራ አይበላም እንዴ?

በእኛ ቅርጫ ስምንት ቤት ነን። ሥጋው ስምንት ቦታ ይመደብና እጣ ይጣልበታል፤ ጭራው ግን መደብ ውስጥ አይገባም። ለስምንት እንዴት ተደርጎ ይከፈላል? ከቆዳው ጋር ጥግ ይጣላል፣ ድሮ ውሻ ነበር የሚጎትተው። መጀመሪያ ዓመት ቢሻውን፣ የሚያርድልንንና የሚመድብልንን ሰው፣ ስለምነው "ዘርፌ፣ ዝንብ ልታባርሪበት ነው?" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። ለምን እንደምፈልገው ስነግረው ግን እሱም መሳቁን ተወ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቀው በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጥልኛል። ቢሻው አራጅ ነው፣ ምንም ዝምድና የለንም፤ አንዴ የነገርኩትን ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳም። አንዳንድ ሰው ደግሞ ሁለቴ በስልክ ተነግሮትም… ተይው፣ ስለ ጭራ ነው የምናወራው።

አቆራረጡን ልንገርሽ። ጭራ በመጥረቢያ አይመታም። ቢላዋ ትይዢና በአውራ ጣትሽ መገጣጠሚያውን እየዳሰስሽ ነው፤ ቦታውን ካገኘሽው ቢላዋው ያለ ጉልበት ይገባል። በመጥረቢያ ካልሽው አጥንቱ ይሰባበርና ስንጥሩ ወጡ ውስጥ ይቀራል። ጥርስ ላለው ሰው ምንም አይደለም፣ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ጥርስ ለሌለው ግን ድድ ይወጋል። ይሄን ያስተማሩኝ የማዳሜ እናት ናቸው፣ ጅዳ። አሮጊቷ አፋቸው ውስጥ አንድ ጥርስ አልነበራቸውም። ሰባት ልጆች ነበሯቸው፤ ሁሉም በየሳምንቱ እየመጡ እጃቸውን ስመው፣ ግንባራቸውን ስመው ይሄዳሉ። ድዳቸው የትኛው በኩል እንደሚያማቸው የማውቀው ግን ከኢትዮጵያ የመጣሁት ገረዲቱ ነበርኩ። ልጆች ምን ያድርጉ፣ ሥራ አለባቸው። አንዳንድ አገር እንዲህ ነው… አንዳንድ አገር ያልኩት ጅዳን ነው፣ ሌላ አገር እንዳይመስልሽ።

ከዚያ ሽንኩርት። ከምታስቢው በላይ ብዙ ሽንኩርት፣ ያለ ዘይት፣ በረጋ የከሰል እሳት፣ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ። በርበሬው ለስሙ ያህል ነው። ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፤ ከዚያ ጭራውን ጨምረሽ የፈላ ውሃ በጭልፋ በጭልፋ ነው። ጎህ ሲቀድ ነው የጣድኩት፣ አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ለአፍታ ካልሆነ ትቼው አልሄድኩም። ሽንኩርት ጥደሽ ጥለሽው ሄደሽ፣ ሲያር ሸቶሽ ሮጠሽ ብትመጪ ምን ዋጋ አለው? እንዲህ የሚያደርግ ሰው ግን አውቃለሁ። ጎበዝ ሰው ነው፣ ስሙ የተጠራ፣ ስብሰባ ላይ ሲናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ ሽታው ካልደረሰው አይመጣም። ጥሩ ሽታ ከሆነማ ማንም አይቀድመውም! ታውቂው ይሆን? አታውቂውም፣ ወግዲ ሰፊ ነው።

ደግሞ ለጋስ ነው። አምና ለአባቱ ሶፋ በአይሱዙ ጭኖ ላከ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነው ያየው። ቀዩን፣ ለስላሳውን፣ ሰው ሲቀመጥበት እስከ ብብቱ የሚሰምጠውን። ሽማግሌው ተቀመጡበትና መነሳት አቃታቸው። አንዷ ልጅ በአንድ እጃቸው፣ ጎረቤት በሌላው፣ በስንት "አይዞዎት" ነው ያወጣናቸው… ያወጧቸው ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው በዚያው በእንጨት ወንበራቸው ናቸው፤ ሶፋው የጤፍ ጆንያ ተቀምጦበታል። ጤፉ ግን ተመችቶታል፤ እንዲህ ያለ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ጤፍ በእኛ በወሎ ቦረና ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስጦታ ምን ጊዜም ስጦታ ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ሳሎን ያለውን ሥጋስ አየሽው? ሳህኑን ሞልቶ፣ ጎድንና ሻኛ፣ ለቁርጥ የተመረጠ! ማን እንዳመጣው አልጠይቅም፤ በበዓል የመጣ ሥጋ ማን አመጣህ አይባልም። ያመጣው ሰው ግን ሥጋ ያውቃል። ቢላዋውን አልረሳ፣ አዋዜውን አልረሳ፣ ስልኩን ማን እንደሚይዝለት አልረሳ… የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚበላው ሰው ጥርስ የለውም።

ጥቂት ቀርቷቸዋል አላልኩሽም፤ አንድም የለም። የመጨረሻዎቹ ሁለት የወለቁት የዛሬ ሁለት ዓመት ለጥምቀት ነው። አንዱን በወረቀት ጠቅልለው አሳዩኝና "ዘርፌ፣ ይሄ ደግሞ ቀደመኝ" ብለው ሳቁ። ያን ቀን ደውዬ የነገርኩት ሰው ነበር፤ "እሺ እሺ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ" አለኝ። ስብሰባ ላይ ላለ ሰው የሰው ጥርስ ምን ይሠራለታል? ዛሬ ታዲያ ያ ትልቁ ቁራጭ "የመጀመሪያው ለአባቴ!" ተብሎ አፋቸው ሲገባ ስልኩን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ አይተሻል። አንዴ ተነሳ፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል ተባለ። ሁለተኛ ተነሳ፣ እጁ ፊታቸውን ጋረደው። ሦስተኛው አማረ። "አባቴ መመኪያዬ" ተብሎ ተለጠፈ አሉ፤ እስካሁን ስንት ሰው ወደደው? ያስወድዳላ! አባባ ደግሞ ጨዋ ናቸው፣ ያጎረሷቸውን አይተፉም። ይኸው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው እያዛወሩት ነው። ፎቶው ላይ ፊታቸው ሞላ ያለው ተመችቷቸው መስሎሽ እንደሆነ፣ ሥጋው ነው።

ሀዲያን ከአጥሩ ማዶ አይተሻት የለ? የእኛን እርድ አትበላም፣ የእሷን አንበላም፤ በአንድ አጥር ሠላሳ ዓመት ኖረናል። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው አልነበር? ለማፍጠሪያ ሾርባ ስትሠራ ለአባባ ለብቻው በትንሽ ድስት ሥጋ ያልነካው የአጃ ሾርባ ትሠራላቸው ነበር። "የኔታ ጥርስ የላቸው፣ በጾም ደረቁ እንዴት ይወርድላቸዋል?" ብላ። ወላሂ፣ ማንም አልነገራትም። በአጥር ላይ ሰላም ሲሏት አፋቸውን አይታ ነው። በአጥር ላይ! አንዳንዱ ደግሞ እጁን አፋቸው ድረስ አስገብቶም አላየ። የዓይን ነገር ይሆናል፤ ሐኪም ጋ ወስደው መነጽር ቢያሰጡት ጥሩ ነበር። ማንን? ያንን የማውቀውን ሰውዬ ነዋ።

ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ ደግሞ። እናቱ የሞቱ ጊዜ እንዴት እንዳለቀሰ ቀብር የነበረ ሰው እስከ ዛሬ ያወራል። እህቱን በስልክ "አንቺ ብቻ ነይ፣ ሌላውን ለእኔ ተዪው፣ እኔ አለሁ!" አላት። ቃሉንም አላጠፈም፤ ይኸው አለ። በደህና አለ፣ እንዲያውም ወፍሯል። እህትየው ግን ሞኝ ናት መሰለኝ፣ "አለሁ" ሲላት እዚህ ያለ መስሏት ነበር። የትኛዋ እህት ብትይኝ አላውቃትም፣ ሲወራ ሰምቼ ነው።

ኧረ ዝናቡ ቆመ እንዴ? መቼ ነው የቆመው? እኔ እኮ እስካሁን ስጮህ… ሳሎን ተሰምቶ ይሆን? ይሰማ፣ ምን ክፉ ነገር ተናገርኩ? ስለ ጭራ ነው።

ለዳግማይ ትንሣኤ ስለሚመጡት እንግዶችማ ሰምተሻል። አባባ አርባ ዓመት ያስተማሯቸው የድጓና የቅኔ ተማሪዎች ከየደብሩ ተጠራርተው የፊታችን እሑድ ካባ ሊያለብሷቸው ነው። ያስተባበረው ቢተው የሚባለው ተማሪያቸው ነው፤ "የኔታን ማን ቤት እናግኛቸው?" ብሎ እዚህም ደወለ፣ ወግዲም ደወለ። ምን ያለ የተባረከ ስልክ ነው! አራት ዓመት ተኝቶ የነበረ ናፍቆት በአንድ ጥሪ ነቃ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንድ ሰው ሳሎን ቀለም ተቀባ፣ ድንኳን ተያዘ፣ በግ ታሰረ ሲሉ ሰማሁ። ዛሬ ደግሞ አንድ አዲስ ሻንጣ በራችን ላይ ቆሞ አየሁ፣ ጎማ ያለው። ብከፍተው የአባባ ጋቢ፣ ዳዊታቸው፣ ጥምጥማቸው… ጥርት ብሎ ታጥፎ። ማን እንዳጠፈው አልጠየቅኩም፣ የእጅ ጥበብ ያለው ሰው ነው። "ከምሳ በኋላ ይዘናቸው እንሄዳለን፣ ከእንግዲህ እኛ ጋ ናቸው፣ እሳቸውም እሺ ብለዋል" ሲባል በበሩ ስንጥቅ ሰማሁ። ለእኔማ የነገረኝ የለም። የቤቱ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ እንግዳ ነው የሚነገረው።

ልንገርሽ ፍቅርአዲስ፣ ይሄን ያለ ሽሙጥ ነው የምልሽ፤ ፈርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ከዚያ ክፍል "ዘርፌ፣ ነጋ?" የሚለኝ ድምፅ ነው ከአልጋ የሚያስነሳኝ። ፀሐይ ወጥታም ይጠይቁኛል። ካባው የትም ይለበስ፣ ግድ የለኝም፤ የአንቺ ሳሎን ከእኔ ያምራል፣ አላጣሁትም። እሑድ ተከብረው ሰኞ እንግዳው ሲበተን ግን ማን ጋ ነው የሚቀመጡት? እናንተ ሁለታችሁም ሥራ ናችሁ። በማያውቁት ቤት፣ በማያውቁት መስኮት በኩል "ነጋ?" ብለው ሲጠይቁ ማን ይመልስላቸዋል? እኔስ እዚህ ለማን ነው ሽንኩርት የማቁላላው? … በይ ተይኝ። ለደቂቃ እንደ ሰው አወራሁ፣ በበዓል አያምርም።

ውይ፣ ደርሷል! ነይ እዪ፣ ጭልፋው ገና ሲነካው ሥጋው ከአጥንቱ ወረደ። ይሄ ነው የሚፈለገው። ያንን ጎድጓዳ ሳህን አቀብዪኝ። እንግዲህ ወግዲ የሚሄዱ ከሆነ አያያዙን እወቂው። ሥጋውን በጣትሽ ታወርጂና ጅማት እንዳይኖረው ትዳስሻለሽ። እንጀራው ዳር ዳሩ ይነሳል፤ መሃል መሃሉ ብቻ በመረቁ ይፈተፈታል። አታጉርሻቸው፣ በራሳቸው እጅ ነው የሚወዱት፣ ቀስ ብለው ነው የሚበሉት። "ጠገብኩ" ሲሉ አልጠገቡም፣ ትንሽ ቆይተሽ ጨምሪ። "አልራበኝም" ካሉማ በጣም ርቧቸዋል ማለት ነው። ወደ ደጅ ሲወጡ እጃቸውን አትያዢ፣ ይቆጣሉ፤ ሌላ ነገር የምትሠሪ መስለሽ ከኋላ ከኋላ ተከተዪ። ማታ ዳዊት ሲደግሙ እንቅልፍ ከወሰዳቸው መጽሐፉን አትዝጊባቸው፣ ሲነቁ ገጹ ይጠፋቸዋል። ይሄን ሁሉ ለወንድሜ መንገር አያስፈልግም፣ ልጃቸው አይደል፣ ያውቃል። ምናልባት ሌላ ሰው እንዲህ ያለ አባት ይዞ ሊሄድ ካሰበ ትነግሪዋለሽ ብዬ ነው።

አንድ የቀረኝ ጆሯቸው ነው። ቀኝ ጆሯቸው ከተደፈነ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ምንም አይሰሙበትም፣ የደብሩን ደወል ብትደውይበት እንኳ! ግራው ግን ደህና ነው፤ በስልክም ሰው ሲያናግራቸው በግራ በኩል የምይዝላቸው እኔ ነኝ። የማይሰሙትን ነገር ደግሞ "ምን አልክ?" ብለው አያስቸግሩም። ሰው እንዳያፍር "እሺ ልጄ፣ እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ነው የሚሉት… ምነው ደነገጥሽ?

አዎ፣ አንድ ሰው ከጠዋት ጀምሮ በቀኛቸው ተቀምጧል። ቀኝ የክብር ቦታ ነው፤ ክብር የሚያውቅ ሰው ሌላ የት ይቀመጥ? ወንበሩን በዚያ በኩል አድርጋ "እዚህ፣ በቀኛቸው ይሁን፣ አንተ እኮ በኩር ነህ" ብላ ያቀረበችለት አንዲት ክፉ ሴት ናት፣ እኔን አትጠይቂኝ። ስለ ሳሎኑ ነገራቸው፣ "እሺ ልጄ።" ስለ ድንኳኑ ነገራቸው፣ "እሺ ልጄ።" "ከእንግዲህ ወግዲ ከእኔ ጋር ይኖራሉ" አላቸው፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው ባረኩት። ተስማሙ! ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲስማሙ አባትና ልጅ አይቼ አላውቅም። ስንት ቤት አለ፣ አባትና ልጅ በአንድ ቃል የሚጣሉበት፤ እነዚህ ግን አንድ ቃል ሳይሰማሙ ተስማሙ።

ቆይ፣ ሳህኑን እኔው ላድርስ። በግራቸው በኩል አስቀምጥና አንዲት ነገር ብቻ ጠይቄያቸው እመጣለሁ። ድስቱን እዪልኝ፣ ውሃ እንዳትጨምሪ።

…

መጣሁ። ምነው አብረሽኝ ገብተሽ በነበር! ሳህኑ ሲሸታቸው ያንን ሥጋ በመሐረብ ቀስ አድርገው አወጡና "ልጄ እንዳያይ፣ ቅር ይለዋል" ብለው በሹክሹክታ ሰጡኝ። የጆሮ በሽተኛ ሹክሹክታ ታውቂያለሽ አይደል? ሀዲያ ቤት ድረስ ነው የተሰማው። አምስት ጉርሻ ያህል በሉ፣ በአምስተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሁን ፎቶ ቢነሳ ጥሩ ነበር፣ የሚያነሳ ግን አልነበረም። ከዚያ ወደ ግራ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ "አባባ፣ ወግዲ ሊሄዱ ነው?" አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ወግዲ? ማን ሞተ?"

አትሳቂ እንጂ፣ እኔም ያዝ አድርጌው ነው! "ማንም አልሞተም፣ እዚያ ሊኖሩ እሺ ብለዋል ይላሉ" ብላቸው ወደ ቀኝ ዞሩ። "አይ ልጄ፣ እኔ ስለ ዘንድሮ የበሬ ውድነት የምታጫውተኝ መስሎኝ ነው እኮ" አሉ፣ በጣም አዝነው፣ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል። ከዚያ "ዘርፌን ትቼ የት እሄዳለሁ?" አሉ። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፣ ሳሎን ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። በቀኝ የተቀመጠው ሰው ስልኩን አውጥቶ ያይ ጀመር። ብዙ ሰው የሚፈልገው ሰው ስለሆነ ነው።

ጋቢያቸውን ከሻንጣው አውጥቼ ደርቤላቸዋለሁ፣ ዳዊቱም ራስጌያቸው ገብቷል። ሻንጣውን ይዛችሁት ሂዱ፣ ጥሩ ሻንጣ ነው፣ ባዶውን ደግሞ አይከብድም። ምሳ ሳትበሉ ግን አለቅም፤ ያንን ጥሬ ሥጋ አንቺና ወንድም ጋሼ ብሉት፣ ጥርሳችሁ ደህና ነው። ለእሑድ ኑ እሺ? ካባው እዚችው ቤት ነው የሚለበሰው። ተማሪዎቻቸው እዚያ ደጃፍ ላይ ያሸበሽባሉ፣ እናንተም ከፊት ትቆማላችሁ። እኔ አላስቀርም፤ አባት ለሁሉም አባት ነው። ያንን የማውቀውን ሰውዬም ብታገኚው ይምጣ በይልኝ፣ ዛሬ ስለ እሱ ብዙ አነሳሁ፣ ጆሮው ጭው ሲል ነው የዋለው። መቼም የእሱ ሁለቱም ይሰማሉ።

በይ ከመግባታችን በፊት ልመርቅ። የመሪጌታ ልጅ አይደለሁም? ምርቃት አያልቅብኝም። ያንን ስሙን ያልጠራሁትን ሰው እግዜር ይባርከው። የጎደለውን ይሙላለት። ዕድሜውን እንደ አባቱ ያርዝምለት፣ ሽበት ያልብሰው፣ ምርኩዝ ያስይዘው። ልጆቹ ይደጉለት፣ ይማሩለት፣ ትልልቅ ቦታ ይድረሱለት፣ እንደ እሱ ስማቸው ይጠራ። መልካቸውን ከእናታቸው ይውሰዱ፣ ቆንጆ ናት። ጠባያቸውን ግን… ከትልቁ እስከ ትንሹ፣ አንድም ሳይቀር፣ ልክ እሱን ይውጡ። አሜን በይ እንጂ እቴ… እናታቸው አሜን ካላለች ምርቃቱ እንዴት ይደርሳል?